ስፖርታዊ ጎማ በአቅም፦ ከአዲስ አበባ ዳር ለሚያሽከረክሩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚኖሩት ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ ወይም ኮዬ ፈጬ ከሆነ ጎማዎ በአንድ ጠዋት ብዙ ያያል፦ የሰፈሩን ኮብልስቶን፣ ገና ያላለቀውን ፒስታ፣ ጠርዙ የተበላውን አስፋልት፣ በመጨረሻም ቀለበት መንገዱን ወይም የአዳማን የፍጥነት መንገድ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉት መኪናቸው መንገድ ጠበቅ አድርጋ እንድትይዝ ለሚፈልጉ፣ ለአራት ጎማ ግን የወራት ደመወዝ ማውጣት ለማይችሉ ነው። ዋጋ በብር አልጠቀስንም። የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተተወ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ዛሬ የተጻፈው ቁጥር ነገ ያሳስታል።

ስፖርታዊ ጎማ ከተራው ጎማ በምን ይለያል?

በላስቲኩ፣ በጎኑና በጥርሱ። ላስቲኩ ለስለስ ያለ ስለሆነ አስፋልቱን አጥብቆ ይይዛል። ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ መሪው ሲዞር ሳይጎብጥ ወዲያው ይታዘዛል። ጥርሱ ኩርባ ላይ መሬቱን በሙላት እንዲነካ ሰፋ ተደርጎ ይሠራል፤ ረጃጅሞቹ ቦዮች ደግሞ ውሃ ያስወጣሉ። ዕዳውም አብሮ ይመጣል፤ ለስላሳው ላስቲክ ቶሎ ያልቃል፣ ጠንካራው ጎን የጉድጓዱን ምት ሳያበርድ መቀመጫዎ ድረስ ያደርሰዋል። ከከተማ ዳር ለሚመላለስ ሰው የሚበጀው በእርጥብ አስፋልት ላይ የሚተማመኑበትና ጉድጓድ የሚችል ጎማ ነው። በደረቅ መንገድ ሰከንድ የሚቆርጠውን ለእሽቅድድም ሜዳ ይተዉት።

መኪናዬ የቆየች ጎልፍ ናት፣ ሞተሯም ያን ያህል አይደለም። እንዲህ ያለ ጎማ ያስፈልጋታል?

ከብዙ ነገር ይልቅ የሚያስፈልጋት እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦና ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት አምስት አንድ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እዚህ ያጣል። ከእንጦጦ ቁልቁል ስትወርድ ግን መኪናዋ ክብደቷን ይዛ ነው የምትወርደው፤ ለመቆም የሚያስፈልጋት ርቀትም በከፍታው ምክንያት አያጥርላትም። ስለዚህ የሚያወጡት ገንዘብ ካለ ጎማ ላይ ያውሉት። ጭስ ማውጫ አስቀይሮ ሰፈሩን ከእንቅልፍ መቀስቀስ ፍጥነት አይጨምርም፤ የጎረቤት ቅሬታ እንጂ።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ምን ማለት ነው?

«205/55 አር 16 91 ቪ» የሚል ጎማ እንውሰድ። 205 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 55 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ያሳያል፤ እዚህ ላይ 113 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። «አር» ሬዲያል (የውስጡ ክሮች ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ተሻግረው የተዘረጉበት) መሆኑን፣ 16 የቸርኬውን ልክ በኢንች ይናገራል። 91 የመሸከም አቅም መለያ ሲሆን በአንድ ጎማ 615 ኪሎ ግራም ማለት ነው። የመጨረሻዋ ፊደል የፍጥነት መለያ ናት፦ «ቲ» እስከ 190፣ «ኤች» እስከ 210፣ «ቪ» እስከ 240፣ «ደብልዩ» እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት።

በአዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት 120 ነው። ታዲያ 240 ምን ያደርጋል ይሉ ይሆናል። ፊደሏ ከፍ ባለች ቁጥር ጎማው ሙቀትን የመቋቋም አቅሙ ይጨምራል፤ አሠራሩም ብዙ ጊዜ ጠንከር ያለ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ የመሸከም አቅሙም የፍጥነት ፊደሉም አምራቹ ለመኪናዋ ከወሰነው በታች አይሁን። ለ«ደብልዩ» ብሎ ተጨማሪ መክፈል ግን ለብዙዎቻችን አላስፈላጊ ነው።

ሻጩ «የ2015 ምርት ነው» አለኝ። አዲስ ነው ማለት ነው?

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ብዙ ሰው የሚሸወደው በዚህ ነው።

ጎማው ጎን ላይ «ዲ.ኦ.ቲ.» ከሚሉት ፊደላት ጀምሮ የሚሄደውን ጽሑፍ ይከተሉ። መጨረሻው ላይ አራት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የቀሩት ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ ዓመቱ የሚቆጠረውም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «1015» የሚል ካዩ የ2015 እ.ኤ.አ. አሥረኛው ሳምንት ማለት ነው፤ በእኛ የካቲት 2007 ዓ.ም. መጨረሻ። ሻጩ «የ2015» ሲል አልዋሸም፤ የእርስዎ ጆሮ ግን የሰማው ዓመተ ምሕረት ነው። በአንድ ቃል ስምንት ዓመት ተደበቀ። በተቃራኒው «2523» የሚል ጎማ የ2023 እ.ኤ.አ. ሃያ አምስተኛ ሳምንት፣ ማለትም ሰኔ 2015 ዓ.ም. የተሠራ ነው።

ለመመንዘር፦ የሳምንቱ ቁጥር ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ይቀንሱ፤ ከ37 ወዲያ ከሆነ 7። መስከረም የሚጠባው በዚያው ሳምንት አካባቢ ነውና።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሙሉው ቁጥር በብዙ ጎማዎች ላይ የሚታተመው በአንድ ጎን ብቻ ነው። መደርደሪያ ላይ ያለው ጎማ ቁጥሩ ከታየዎት ደህና፤ ካልታየዎት ይገለበጥልኝ ይበሉ። ለመገልበጥ የሚያንገራግር ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ጥላ ውስጥ በደንብ ተቀምጦ የቆየ ያልተሸጠ ጎማ ሁለት ዓመት ቢሞላው አያስፈራም። መኪና ላይ ከዋለ አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ ግን በየዓመቱ በባለሙያ መታየት አለበት፤ አሥር ዓመት የሞላው ጥርሱ ቢተርፍም ይወገዳል። በእኛ ከፍታ ፀሐይዋ ኃይለኛ ስለሆነች ሜዳ ላይ የሚያድር መኪና ጎማ ጎኑ ቀድሞ ይሰነጣጠቃል።

ቸርኬውን ከ16 ወደ 18 ባሳድገውስ?

ለዓይን ያምራል። ለመንገዳችን ግን አንመክርም።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። 205/55 አር 16 ጎማ ከመሬት እስከ ቸርኬው ያለው ላስቲክ 113 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 225/45 አር 17 ሲሆን 101 ይሆናል። 225/40 አር 18 ላይ 90 ይቀራል። ሦስቱም ጠቅላላ ዲያሜትራቸው ከ632 እስከ 637 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የፍጥነት መቁጠሪያው ብዙም አይዛባም። ልዩነቱ የሚታየው ጉድጓድ ሲመጣ ነው። ክረምት ላይ ጉድጓዱ በውሃ ይሞላና ኩሬ ይመስላል፤ ጥልቀቱን የሚያውቁት ከገቡበት በኋላ ነው። ጎማው ተጨፍልቆ ቸርኬው ከጉድጓዱ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ በመካከል ያለው ላስቲክ በመቀስ እንደተያዘ ይቆረጣል፤ ውስጡ ያሉት ክሮች ይበጠሱና በማግስቱ ጎኑ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ይወጣል። እብጠት ያወጣ ጎማ አይጠገንም። ቸርኬውም ከተጣመመ ተጨማሪ ወጪ ነው።

የመኪናዋ የፋብሪካ ልክ 16 ከሆነ በ16 ላይ የተሻለ ላስቲክ መግዛት በ18 ላይ ርካሽ ላስቲክ ከመግዛት በእጅጉ ይበልጣል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ጎልፍዋ ከፋብሪካ በ225/45 አር 17 የመጣች ከሆነች እዚያው ይቆዩ። መልክ ካሸነፈዎት 17 ላይ ያቁሙ፤ 18ን ከሰፈርዎ እስከ ዋናው አስፋልት ድረስ ያለው መንገድ ተሠርቶ ሲያልቅ ያስቡበታል።

የትኛውን ብራንድ ልግዛ?

ሚሼሊን፣ ብሪጅስቶን፣ ኮንቲኔንታል፣ ፒሬሊና ጉድይር የታወቁት ናቸው፤ ጥራታቸውም ዋጋቸውም አያከራክርም። አቅም ለሚቆጥር ሰው ግን መካከለኛው ረድፍ ይበልጥ ያዋጣል፦ የደቡብ ኮሪያዎቹ ሃንኩክ፣ ኩምሆና ኔክሰን፣ የጃፓኖቹ ፋልከን፣ ቶዮና ዮኮሃማ። ሃንኩክ «ቬንተስ»፣ ኩምሆ «ኤክስታ»፣ ዮኮሃማ «አድቫን» ብለው የሚያወጧቸው ለስፖርታዊ አነዳድ የተሠሩትን ነው። ከዚያ ቀጥሎ የህንዱ አፖሎ፣ የታይዋኑ ናንካንግ፣ የቻይናዎቹ ሳይሉንና ሊንግሎንግ ይመጣሉ። የቻይና ጎማ ሁሉ መጥፎ ነው የሚለው ወሬ ጊዜው አልፎበታል። እንዲያው ስሙ ተሰምቶ የማይታወቅ፣ ጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የተዘበራረቀ ጎማ ግን በምንም ዋጋ አይግዙ።

ሁለት ጎማዎች መካከል ሲዋልሉ ጎኑ ላይ ያለውን የአሜሪካ ደረጃ መለያ ይመልከቱ፤ ለአሜሪካ ገበያ ጭምር በተሠሩት ላይ ይገኛል። «ትራክሽን» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ፊደል በእርጥብ መንገድ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያለውን የመያዝ አቅም ይናገራል፤ «ኤኤ» ከሁሉ ይበልጣል፣ «ኤ» ደህና ነው፣ «ሲ» ዝቅተኛው ነው። ጎማው ከአውሮፓ የመጣና ወረቀቱ ያልተላጠለት ከሆነ ደግሞ የዝናቡ ምልክት ያለበትን ፊደል ይፈልጉ፤ «ኤ» ወይም «ቢ» ይሁን። እኛ ብንሆን ደረጃውን የማናውቀውን ታዋቂ ስም ትተን በእርጥብ መንገድ ደረጃው የተሻለውን መካከለኛ ጎማ እንወስዳለን።

«ትሬድዌር 200» ይሻላል ወይስ 400?

ቁጥሩ በዚያው የአሜሪካ ደረጃ መለያ ላይ ያለ፣ የጎማውን ዕድሜ ለማነጻጸር የሚያገለግል ነው፤ ከፍ ሲል ይቆያል፣ ዝቅ ሲል ላስቲኩ ብዙ ጊዜ ለስለስ ይላል። ደረጃውን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ በመሆኑ የአንዱን ኩባንያ 300 ከሌላው 300 ጋር ማወዳደር አያስተማምንም፤ በአንድ ኩባንያ ጎማዎች መካከል ግን ይሠራል። 200 እና ከዚያ በታች የሆነው ለሜዳ ውድድር የሚፈለግ ነው፤ ጥርሱ ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም፣ ኮረኮንች ላይም ቶሎ ይበላል። ለእኛ ከ300 እስከ 400 አካባቢ ያለው ሚዛናዊ ነው።

ያገለገለ ግን ታዋቂ ብራንድ ባገኝስ?

በመርህ ደረጃ አንቃወምም፤ በተግባር ግን ያገለገለ ጎማ ምን እንዳሳለፈ ከላዩ አይነበብም። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ ጎማ ሲያዩ ዓይንዎን ሳይሆን እጅዎን ይመኑ። መዳፍዎን በውስጠኛው ጎኑ ላይ ያሂዱት፤ ጉብታ፣ ስርጉድ ያለ ቦታ ወይም የተለጠፈ ካለ ይሰማዎታል። ጥርሱ ውስጥ ያለውን ቦይም በቅርብ ይዩት። ቦዩ አዲስ መስሎ ጠርዙ ወጣ ገባ ከሆነ በጋለ ብረት እንደገና ተቆፍሯል፤ ስሩ የቀረው ላስቲክ ደግሞ ስስ ነው። እንዲህ ያለው በረባሶ ይሠራበት እንጂ መኪና ላይ አይዋል።

ከአውሮፓ የመጣ የበረዶ ጎማ በርካሽ ተገኘ። ክረምት ላይ አይጠቅምም?

አይጠቅምም። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ካለው የተሠራው ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች ለሚወርድበት አገር ነው። የእኛ ክረምት ዝናብ እንጂ በረዶ አይደለም፤ አስፋልቱም በቀን ሞቅ ይላል። እዚህ ላስቲኩ ይለሰልስና መሪው ይዝላል፣ ጥርሱም በፍጥነት ያልቃል። በጋውንም ክረምቱንም በአንድ የበጋ ጎማ ማሳለፍ ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ በቂ ነው።

ጥርሱ ምን ያህል ሲቀር ልቀይር?

ቦዮቹ ውስጥ ብቅ ያሉ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ከእነሱ ጋር እኩል ሲሆን 1.6 ሚሊ ሜትር ቀርቷል ማለት ነው። ያ የመጨረሻው ወሰን ነው። አዲስ ስፖርታዊ ጎማ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይኖረዋል፤ ከ3 በታች ሲወርድ ውሃ የማስወጣት አቅሙ በጣም ስለሚቀንስ ሐምሌና ነሐሴን በእሱ ለማለፍ አይሞክሩ። የትምህርት ቤት ማስመሪያ ይበቃል፤ በውጭ፣ በመሃልና በውስጥ በኩል ይለኩ። መሃሉ ብቻ ካለቀ አየር ይበዛል፤ ሁለቱ ዳር ካለቀ አየር ያንሳል፤ የውስጡ ዳር ብቻ ካለቀ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫ ልክ) ተዛብቷል ወይም የመኪናዋ እግር ላልቷል።

ስለ ዝናብ ካነሣን፦ ከሐምሌው ዶፍ ይልቅ የሚያንሸራትተው ከረጅም በጋ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ካፊያ ነው። ለወራት የተከማቸው አቧራና ከከባድ መኪኖች የሚንጠባጠበው ናፍጣና ዘይት ከውሃው ጋር ተለውሶ አስፋልቱን ያሟልጨዋል። በሰበታም ሆነ በገላን በኩል የጭነት መኪና በሚበዛበት መስመር ያን ቀን የትኛውም ጎማ ተአምር አይሠራም።

ገንዘቤ ለሁለት ጎማ ብቻ ነው የሚበቃው። የት ልግጠማቸው?

ኋላ። መኪናዋ በፊት ጎማ የምትነዳ ብትሆንም ኋላ። የፊቱ ሲንሸራተት መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ፍጥነት ሲቀንሱም ትመለሳለች፤ የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናዋ ትዞራለች፣ ያንን ደግሞ አብዛኛው አሽከርካሪ አይመልሰውም። የድሮዎቹ ጥርሳቸው ካለቀ ግን ፊትም ኋላም ቦታ የላቸውም። በአንድ አክስል ላይ ሁለት የተለያየ ብራንድ አይቀላቅሉ። ደግሞም ሁለት ዝነኛ ጎማ ከመግዛት አራት እኩል የሆኑ መካከለኛ ጎማዎች መግዛት ይሻላል፤ ጥቂት ወር ቢጠብቁ እንኳ።

አየር ስንት ልሙላ? ጎሚስታው ሁሌ «35 ነው» ይለኛል።

ጎሚስታው ለሁሉም መኪና 35 ይሞላል፤ የእርስዎ መኪና ግን የራሷ ቁጥር አላት። የሹፌሩን በር ከፍተው ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ፤ በሰው ብዛትና በጭነት ተለይቶ ተጽፏል። ብዙ ትንንሽ መኪኖች ከ30 እስከ 36 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ) ውስጥ ናቸው። የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ ጠዋት ከመነሣትዎ በፊት ነው። የየሰፈሩ መለኪያ አንዱ ከሌላው ስለማይስማማ የራስዎን ትንሽ መለኪያ ይግዙ፤ ለጎማ ከሚያወጡት ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ይህ ነው።

ከፍታም የራሱ ሥራ አለው። መለኪያው የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሱሉልታ ላይ ሞልተው ወደ አዋሽ ከወረዱ የውጭው አየር ስለሚከብድ ንባቡ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ይቀንሳል። የቆላው ሙቀት ደግሞ በየ10 ዲግሪው ከ1 እስከ 2 ስለሚጨምር ብዙውን ያካክሰዋል። እዚያ ካደሩ ጠዋት ይለኩና ያስተካክሉ። በሙቅ ጎማ ላይ «በዛ» ብለው አየር አያስተነፍሱ፤ ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይሆናል፣ አየሩ ያነሰ ጎማ ደግሞ በፍጥነት መንገድ ላይ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግልና ይፈነዳል።

ናይትሮጅን ስለሚባለው፦ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። በነጻ ከሞሉልዎ እሰየው።

የኤሌክትሪክ መኪና ነው ያለኝ። ያው ምክር ይሠራል?

በአብዛኛው አዎ፤ አንድ ነገር ይጨመርበታል። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በመንገዳችን ላይ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪያቸው ከባድ ነው፤ ገና ፔዳሉ ሲነካም ሙሉ ጉልበታቸውን ይለቃሉ። ስለዚህ ጎማ ይበላሉ። የመሸከም አቅም መለያውን በጥንቃቄ ይመልከቱ፤ ፋብሪካው «ኤክስኤል» (ተጨማሪ ጭነት የሚችል) የሚል ያለበትን ከጠየቀ በተራው አይተኩት። አንዳንዶቹ ደግሞ የፊትና የኋላ ልካቸው ይለያያል፤ ለምሳሌ ፎልክስዋገን አይዲ 4 በ19 ኢንች ቸርኬ ፊት 235/55፣ ኋላ 255/50 ያደርጋል። እንዲህ ያለውን ፊትና ኋላ ማቀያየር አይቻልም።

ሚስማር ወግቶት ቢበሳ ይጠገናል?

የኮንዶሚኒየም ግንባታ አጠገብ ለሚኖር ሰው ይህ የዘወትር ጥያቄ ነው። ቀዳዳው መሬት በሚነካው ክፍል ላይ ሆኖ ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ይጠገናል። ትክክለኛው ጥገና ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ከውስጥ ታይቶ፣ ቀዳዳው ተደፍኖ ከውስጥ ሲለጠፍ ነው። ከውጭ የሚሰካው ገመድ ቤት ያደርስዎታል፤ አዳማ ድረስ በ120 ሊሄዱበት ግን አይገባም። ጎኑ ከተበሳ በምንም ዓይነት አይጠገን። ቱብለስ ጎማ ውስጥ የውስጥ ጎማ አስገብቶ «ተስተካክሏል» የሚል ካጋጠመዎት አመስግነው ይሂዱ።

ሲገጠምልኝ ምን ልከታተል?

ጎኑ ላይ ቀስትና «ሮቴሽን» የሚል ካለ ቀስቱ ወደ ፊት መዞር አለበት፤ «አውትሳይድ» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ወደ ውጭ ይታይ። ሥራ በሚበዛበት ጎሚስታ ቤት አንዱ ተገልብጦ መውጣቱ ያልተለመደ አይደለም። ቫልቩ አብሮ ይቀየር። ባላንስ ሲሠራ የድሮው እርሳስ ከቸርኬው ተነቅሎ ከዜሮ ይጀመር፤ መሪው ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄዱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ይመለሱ። አላይመንቱ ከጎማው በፊት ወይም በዚያው ቀን ይሠራ፤ የተዛባ አላይመንት አዲስ ጎማን ከጥቂት ወራት በላይ አያስከርምም።

አዲስ ጎማ ላዩ ላይ ከፋብሪካ የመጣ የሚያሟልጭ ነገር ስላለ የመጀመሪያዎቹን ከ200 እስከ 300 ኪሎ ሜትሮች ኩርባና ፍሬን ላይ ይለዝቡ። ቡሎኖቹን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ እንደገና ያስጠብቁ፤ በአየር ማሽን ከልክ በላይ የጠበቀ ቡሎን ደግሞ ማታ በጨለማ ስኮርታ ለመቀየር ሲታገሉ በእጅ ቁልፍ አይፈታም፤ እዚያው ጎሚስታው ፊት በራስዎ ቁልፍ ፈትተው ይሞክሩት።